ጉሙና አንበሪው

ባለፈው ነሐሴ፥ የፍልሰታ ጾም በተፈታ በሳምንቱ ቅዳሜ፥ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶችና ሕፃናት ዓሣ አንበሪና ዶልፊን ለማየት ከሳን ሆዜ ወደ ሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ ተጉዘን እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ያልሄዳችሁም ወሬው ደርሷችኋል። ይሁን እንጂ ወሬው በሁለት መልክ ነው የተዛመተው። አንደኛው "ጉም ብቻ አይተው ተመለሱ" የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አንበሪው ጀልባዋን ሊገለብጣት ነበር ይላል። ሁለቱም ልክ አይደለም። የጉዞው ኮሚቴ ጸሐፊ እኔ ስለ ነበርሁ፥ ገንዘቡንም የሰበሰብሁት እኔ ስለ ሆንሁ፥ ያየነውንና የሰማነውን፥ ከተመለስንም በኋላ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ያነበብሁትን አንድ ላይ አድርጌ ለመጻፍ ተነሣሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥፋቱ የጀመረው ከእኔ አፍ ነው። ከጉባኤ በኋላ ለወላጆች ማስታወቂያ ስናገር፥ "ነሐሴ የአንበሪ ወር ነው፤ ያለ ጥርጥር እናያለን" ብዬ ነበር። ታክሲ የሚነዱ አንድ አባት የሦስት ልጆቻቸውን ሒሳብ ቈጥረው በእጄ ሲያስቀምጡ፥ "ልጄ፥ እነዚህ ልጆች ከስልካቸው ሌላ አንድ ነገር ይዩልኝ" አሉኝ። ገንዘቡ የሌሊት ሥራ ገንዘብ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ በጉዞው ዕለት ጉሙን ባየሁ ጊዜ ሆዴ የተሸበረው ለአንበሪው ብዬ አይደለም።

ከሳን ሆዜ ስንነሣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ነጭ ሽንኩርት የሚሸተውን ጊልሮይን አልፈን ወደ ካስትሮቪል ስንቃረብ ግን አውቶቡሳችን በአንድ ጊዜ ነጭ ነገር ውስጥ ገባ። ከፊታችን የሚሄደው መኪና የኋላ መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። መዝሙሩም እየቀነሰ ሄደ። አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ፥ "ጉም ልንዘግን ነው እንዴ ይህን ያህል መንገድ የመጣነው?" ብሎ ሳቀ። እኔም ከአንገት በላይ ሳቅሁ። ሞስ ላንዲንግ ከምትባለው ትንሽ ወደብ ስንደርስ ጀልባዋ በቆመችበት ቦታ ሆነን የወደቡን አፍ ማየት አልተቻለንም።

የጀልባዋ መሪ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ነገሩን ሳያሳምር ነገረን፤ ነፋስ የለም፥ ባሕሩ ተኝቷል፥ ራዳሩ ይሠራል፥ ቀስ ብዬ እወጣለሁ፤ አንበሪ ለማሳየት ግን ቃል አልገባም፥ የማይፈልግ ካለ በሌላ ቀን ይምጣ አለ። ኮሚቴው እዚያው በቆመበት ተከራከረ። ግማሹ እንመለስ አለ። እኔ ምንም ማለት አልቻልሁም፤ ምክንያቱም ብንመለስ ለአውቶቡሱ የከፈልነው ገንዘብ ይባክናል፥ ብንሄድና ምንም ባናይ ደግሞ ያ "ያለ ጥርጥር" ያልሁት ቃሌ አለ። ክርክሩን የቆረጡት ሕፃናቱን ለመጠበቅ አብረውን የመጡት፥ ሁላችንም እማማ የምንላቸው እናት ናቸው። እማማ ያደጉት በምጽዋ ነው፤ አባታቸው የወደብ ሠራተኛ ነበሩ። ጀልባ ላይ ከወጡ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ነጠላቸውን በሹራባቸው ላይ አጣፍተው ውሃውን አዩና፥ "ይህ ባሕር ክፉ ባሕር አይደለም፤ እንሂድ እንጂ" አሉ። ከዚህ በኋላ ማን ይመለሳል?

ወደ ባሕሩ ከመግባታችን በፊት፥ ያን ጊዜ የማላውቀውንና አሁን የማውቀውን ነገር ላስቀድም። ይህ ጉም ከየት ይመጣል?

ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ጉም የጣርማ በር ጉም ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሄደ ሰው፥ ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ መኪናው በቀን መብራት አብርቶ እንደ ሄደ ያስታውሳል። በዚያ ቦታ ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ዳገቱን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም የያዘውን ተን መሸከም ስለማይችል ተኑ ወደ ጥቃቅን የውሃ ነጠብጣብ ይለወጣል። ጉም ማለት መሬት የነካ ደመና ነው። በሞንተሬይ ግን አየሩ ዳገት መውጣት አያስፈልገውም። ከሰፊው ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ አየር በዳርቻው ባለው በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲያልፍ ከሥሩ ይቀዘቅዛል። በረዶ የገባበት ብርጭቆ በውጭ በኩል እንደሚያልበው ማለት ነው። ከተራሮቹ ማዶ ያለው ምድር በፀሐይ ሲግል ደግሞ አየሩ ወደ ላይ ይነሣና የባሕሩን አየር ከነጉሙ ወደ ምድር ይስበዋል። እኛ በሳን ሆዜ በላብ ስንጠመቅ በሞንተሬይ ሹራብ የሚለበሰው በዚህ ምክንያት ነው። የሳሊናስ ሰላጣና እንጆሪም በዚሁ ቅዝቃዜ ነው የሚኖረው።

ታዲያ ውሃው በነሐሴ ለምን ይቀዘቅዛል? ከመጋቢትና ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ክረምቱ ማብቂያ ድረስ ከሰሜን ምዕራብ የሚነሣ ነፋስ የካሊፎርኒያን ዳርቻ ተከትሎ ቁልቁል ይነፍሳል። ምድር በዛቢያዋ ስለምትዞር በነፋስ የሚገፋው የላይኛው ውሃ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በሰሜኑ የምድር ክፍል ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ቀኙ እዚህ ላይ ሰፊው ባሕር ነው። የላይኛው ውሃ ከዳር እየራቀ ሲሄድ ቦታው ባዶ ሊቀር ስለማይችል፥ ፀሐይ ያላየው የታችኛው ውሃ ወጥቶ ይተካዋል። ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በዚህ ላይ ደግሞ ከሞስ ላንዲንግ ወደብ አፍ ብዙም ሳይርቅ ትልቅ የባሕር ውስጥ ገደል ይጀምራል። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሰው ያን ሸለቆ በውሃ ሞልቶ ያስበው፤ የሞንተሬይ ገደል ግድግዳው ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቦታ አለው፥ እየወረደም ከባሕሩ ወለል በታች ከ3,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። በሌላ አገር ጥልቅ ባሕር ለማግኘት አንድ ቀን መጓዝ ያስፈልግ ይሆናል፤ እዚህ ግን ጥልቁ ደጃፍ ላይ ነው።

ይህ ከታች የሚወጣ ውሃ ባዶ እጁን አይመጣም። በባሕር ውስጥ የሞተው ሁሉ ወደ ታች ይሰጥማል፥ ይበሰብሳል፥ ናይትሬትና ፎስፌት ይሆናል። ገበሬ በጆንያ ገዝቶ በማሳው የሚበትነው ማዳበሪያ ከዚህ ዘመድ ነው። ማዳበሪያው ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ በዓይን የማይታዩ የባሕር ተክሎች ይፈላሉ፤ ውሃው አረንጓዴ የሚመስለው በእነርሱ ነው። ተክሎቹን ክሪል የተባለ ከትንሽ ጣት የሚያንስ ሽሪምፕ መሰል ፍጡር ይበላል፤ አንቾቪ የተባለው ትንሽ ዓሣም ከዚሁ ይጠግባል። እነዚህን ፍለጋ ደግሞ አንበሪዎች ከሩቅ ይመጣሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፥ ጉሙንም አንበሪውንም የሚያመጣው አንዱ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። እኔ ግን ወደቡ ላይ ቆሜ ጉሙን በልቤ እራገመው ነበር።

አሁን ወደ ጉዞው ልመለስ። ሁላችንም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሰን ተቀመጥን። ጀልባዋ ከወደቡ እንደ ወጣች አንድ ረዥም ጡሩምባ ነፋች፤ ሕፃናቱ ጆሯቸውን ይዘው ጮኹ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግማ ነፋች። አብራን የነበረችው የባሕር ሕይወት ተመራማሪ፥ ገና ወጣት ሴት ናት፥ ነገሩን አስረዳችን። በ1972 ዓ.ም. በተደረገው ዓለም አቀፍ የባሕር መተላለፊያ ደንብ መሠረት፥ ሞተር ያለው መርከብ በጉም ውስጥ ሲጓዝ ቢያንስ በየሁለት ደቂቃው አንድ ረዥም ጡሩምባ መንፋት አለበት፤ ሞተሩን አቁሞ ሳይጓዝ ሲቀር ደግሞ ሁለት ረዣዥም ይነፋል። ይህን ከሰሙ በኋላ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆቻችን ሰዓት ይዘው መቁጠር ጀመሩ፤ መሪው የዘገየ ሲመስላቸው "አልፏል! አልፏል!" እያሉ አስቸገሩት። ከሩቅም ሌሎች ጡሩምባዎች ይሰሙ ነበር። አንዱ በጣም ወፍራም ነው፤ የጭነት መርከብ ነው አሉን። የት እንዳለ ግን በዓይን የሚያውቅ አልነበረም።

ሃምሳ ደቂቃ ያህል ምንም አላየንም። ሁለት ልጆች ታመሙ፤ ዝንጅብል ሰጠናቸው፥ አንዱን ተሻለው፥ ሌላው ግን በጀልባዋ ጥግ ተደፍቶ ቀረ። ሰው ሁሉ እኔን የሚያይ መሰለኝ። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና ወደ መሪው ክፍል ወጥቼ፥ "ፈጠን ብንልና ሰፋ አድርገን ብንፈልግ አይሻልም?" አልሁት። አልተቆጣኝም። በጣቱ የራዳሩን መስኮት አሳየኝ፤ "ይህች ነጥብ መርከብ ናት። ይህች ዓሣ አጥማጅ ናት። አንበሪ ግን ለዚህ መሣሪያ እንዲህ አይታየውም። ልተንፍስ ብሎ ሲወጣ በፍጥነት ብመጣበት የማገኘው በጀልባዬ አፍንጫ ነው" አለኝ። ቀጥሎም በትልልቅ መርከቦች ተመትተው አጥንታቸው ተሰብሮ በባሕር ዳር ስለሚገኙ አንበሪዎች ነገረኝ። በዚህ ዳርቻ የሚያልፉ ትልልቅ መርከቦች አንበሪ በሚበዛበት ወራት ፍጥነታቸውን ወደ 10 ኖት፥ ማለትም በሰዓት ወደ 18 ኪሎ ሜትር ተኩል ዝቅ እንዲያደርጉ ይለመናሉ፤ የሚሰማ አለ፥ የማይሰማም አለ። ያን ወፍራም ጡሩምባ አስታወስሁ። በራሴ ጉዳይ ተጠምጄ እንጂ፥ ለካ ከእኛ በታች አደጋ ላይ ያለ ሌላ ፍጡር ነበር። አፍሬ ወረድሁ።

መሪው ከዚያ በኋላ ያደረገው ፍጥነት መጨመር ሳይሆን ሞተሩን ማጥፋት ነው። ሁለት ረዥም ጡሩምባ ነፋ፤ ተመራማሪዋም ጣቷን በከንፈሯ ላይ አድርጋ "አድምጡ" አለችን። አርባ ሰው፥ ያውም ግማሹ ሕፃን፥ እንዲያ ጸጥ ሲል አይቼ አላውቅም፤ በቅዳሴ ጊዜ እንኳ እንዲህ ቢሆኑ ደግ ነበር። ውሃው የጀልባዋን ጎን ሲነካ ብቻ ይሰማል። ከዚያም እማማ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ፥ "ስሙ፥ ስሙ! በዚህ በኩል፤ ትንፋሽ ነው" አሉ። ተመራማሪዋ ገና ምንም አልሰማችም ነበር። "የምጽዋን ልጅ ዶልፊን ያታልለዋል? ሌሊት በመስኮት ይሰማን ነበር" አሉ እማማ። እውነትም ፍስ፥ ፍስ የሚል አጫጭር ድምፅ እየቀረበ መጣ፤ ከነጩ ውስጥም ግራጫ ጀርባዎች ብቅ ብቅ አሉ። ቈጥረን አሥራ ሁለት ላይ ጠፋብን። ሪሶ የሚባሉ ዶልፊኖች ናቸው። አፋቸው እንደ ሌሎቹ የሾለ ሳይሆን ደፈን ያለ ነው፤ ሰውነታቸው ከእርስ በርስ ንክሻና ከሚያድኑት ስኩዊድ የተረፈ ነጫጭ ጠባሳ የሞላበት ነው፤ ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥርም እየነጡ ይሄዳሉ። አንዲት ልጅ "ጉሙ ውስጥ እንዴት አይጋጩም?" ብላ ጠየቀች።

ጥያቄዋ ትልቅ ጥያቄ ነው። ዶልፊን መንገዱን የሚያየው በይበልጥ በድምፅ ነው። በራሱ ላይ ካለው የመተንፈሻ ቀዳዳ በታች አየር እየገፋ "ጥቅ ጥቅ" የሚል እጅግ ፈጣን ድምፅ ያወጣል፤ ግንባሩ ውስጥ ያለው የስብ አካል ድምፁን እንደ ባትሪ ብርሃን ሰብስቦ ወደ ፊት ይልከዋል። ድምፁ ዓሣ ወይም ድንጋይ ሲያገኝ ተመልሶ ይመጣል፤ ዶልፊኑም የተመለሰውን የሚቀበለው በታችኛው መንጋጋው በኩል ነው፥ ከዚያ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይሄዳል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ሲሄድ በባሕር ውሃ ውስጥ ወደ 1,500 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ለእኛ ዓለም በጠበበችበት በዚያ ሰዓት ለዶልፊኖቹ የጎደለባቸው ነገር አልነበረም። ጉም የእኛ ችግር ነው። የእነርሱ ችግር የመርከብ ሞተር ጩኸት ነው፤ በጩኸት መካከል ድምፃቸው ይሸፈናል። የእኛም ሞተር ከእነዚያ አንዱ መሆኑን መሸሸግ አልፈልግም።

ዶልፊኖቹ ካለፉ በኋላ ሌላ ድምፅ መጣ። የቀጥቃጭ ወናፍ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ፤ እንደዚያ ያለ፥ ግን ቤት የሚያህል ወናፍ። ከእርሱ ቀጥሎም አነስ ያለ። እማማ "ሁለት ናቸው፤ አንዱ ልጅ ነው" አሉ። ወዲያው ሽታው ደረሰን፤ የሰነበተ ዓሣ ይሸታል፥ ልጆቹ አፍንጫቸውን ያዙ። ይህ እንግዲህ የአንበሪ ትንፋሽ ነው። በሥዕል ላይ ከአንበሪ ራስ ላይ ውሃ ሲፈነጥቅ እናያለን፤ እውነቱ ግን ሞቃት ትንፋሹ ከቀዝቃዛው አየር ጋር ሲገናኝ ጉም ሆኖ መታየቱ ነው፤ በጥዋት ብርድ ከእኛ አፍ እንደሚወጣው። ጥርት ባለ ቀን ከሩቅ የሚፈለገው ይህ ምልክት ነው። በዚያ ቀን ግን ጉም በጉም ውስጥ ስለ ሆነ ሊታይ አይችልም ነበር፤ በጆሮና በአፍንጫ ነው ያገኘነው።

ስለ ስሙም ጥቂት ልበል። ዓሣ አንበሪ፥ ወይም ዓሣ ነባሪ፥ ብለን ብንጠራውም ዓሣ አይደለም። ሳንባ አለው፥ ደሙ ሞቃት ነው፥ ልጁን ወልዶ ጡት ያጠባል፤ ዓሣ ጅራቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያወዛውዝ አንበሪ ግን ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል። በግእዙ ዐንበሪ ነው፤ በነነዌ ጾም የምንሰማው የዮናስ ታሪክ አስለምዶናል። ዐረቦችም ዐንበር ይላሉ፤ ያው ቃል ከአንዱ ዐይነት አንበሪ ሆድ የሚወጣውን ሽቶ መሥሪያም ይጠሩበታል። አንድ ትንሽ ልጅ "ይኸኛው ሰው መዋጥ ይችላል?" ብሎ ተመራማሪዋን ጠይቋት ነበር፤ ጉሮሮው ለዓሣ እንጂ ለሰው እንዳልተሠራ ነገረችው። ያልተደሰተ መሰለኝ።

ያየናቸው ሐምፕባክ የሚባሉት ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ጀርባ ጎባጣ ማለት ነው። ያደገው ከ13 እስከ 16 ሜትር ይረዝማል፤ ክንፉ ብቻ የቁመቱን ሲሶ ያህላል። ትልቋ ከጀልባዋ ሠላሳ ሜትር በማይሞላ ርቀት ተነሣች። ደንቡ ወደ 91 ሜትር መራቅ ነው፤ ነገር ግን እርሷ ናት ወደ እኛ የመጣችው፥ ሞተራችንም ጠፍቶ ነበር። መጀመሪያ ትንንሽ ዓሦች እንደ ዝናብ ነጠብጣብ ከውሃው ዘለሉ፤ ቀጥሎም የተከፈተ አፍ ከታች ወጣ፥ ከአገጭ ሥር ያለው ቆዳ ተነፍቶ። በላይኛው መንጋጋ ጥርስ የለም፤ በቦታው የጥፍር ዐይነት ነገር እንደ ወንፊት ተደርድሯል። ውሃውን ከነዓሣው ይጎርሳል፥ ውሃውን በወንፊቱ ይገፋል፥ የቀረውን ይውጣል፤ በቀን ከአንድ ቶን በላይ። ይህን ሁሉ የሚበላው በዚህ ወራት ነው። በክረምት ቅዝቃዜ ጊዜ ወደ ሜክሲኮና ወደ መካከለኛው አሜሪካ ሞቃት ውሃ ይወርዳል፤ በዚያ ይወልዳል፥ ያጠባል፥ ለወራትም ከሞላ ጎደል አይበላም። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ "ጾማቸው ከፍልሰታ ይረዝማል" አለ። እናቲቱ ወደ ጥልቁ ስትወርድ ጅራቷን ከፍ አድርጋ አሳየችን፤ ተመራማሪዋም ፎቶግራፍ አነሣች። የጅራት ውስጠኛው ገጽ በጥቁርና በነጭ የተዥጎረጎረ ሲሆን እንደ ሰው የጣት አሻራ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ከዚያ ጉሙ ዘጋው። በጠቅላላው ያየነው ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም።

የዚያ ፎቶግራፍ ጥቅም ለመታሰቢያ ብቻ አይደለም። በሞስ ላንዲንግ እኛ ጀልባ የተሳፈርንበት አካባቢ በ1919 ዓ.ም. የአንበሪ ማረጃ ጣቢያ ተከፍቶ ነበር፤ በሞንተሬይ ከተማም አንበሪ ማጥመድ የተጀመረው በ1850ዎቹ ነው፥ ዛሬም እዚያ ከአንበሪ የጀርባ አጥንት የተነጠፈ የእግር መንገድ አለ። በሰሜን ፓስፊክ ሐምፕባክን ለንግድ መግደል የተከለከለው በ1966 ዓ.ም. ሲሆን፥ ዓለም አቀፉ የአንበሪ ኮሚሽንም በ1982 ዓ.ም. ወስኖ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የንግድ አደንን በጠቅላላው አቆመ። በሰሜን ፓስፊክ የተረፉት እያገገሙ መጥተው በ2012 ዓ.ም. ወደ 33,000 ደርሰው ነበር። በ2021 ዓ.ም. ግን ወደ 26,600 ወርደው ተገኙ። ከ2014 እስከ 2016 ዓ.ም. በዚህ ውቅያኖስ ላይ ያልተለመደ ሙቀት ሰፍኖ ነበር፤ የባሕሩ ላይ ውሃ ሞቆ ሲቀመጥ ከታች የሚወጣው ምግብ ያንሳል፥ አጥኚዎቹም የቁጥሩን መቀነስ ከዚህ ጋር ያያይዙታል። ይህ ሁሉ የታወቀው ሳይንቲስቶችና ተራ ጎብኚዎች ካነሡአቸው የጅራት ፎቶግራፎች ነው፤ አንድ በአንድ ተመሳክረው ተቈጠሩ። ውሃው ስለ ቀዘቀዘ የተማረርሁት ሰው ይህን ሳነብ ምን እንደ ተሰማኝ ገምቱት።

ስንመለስ እማማ ዝም ብለው ቆዩና፥ "ልጄ፥ በእኛ በኩል ባለው ባሕርስ ይህ ትልቁ አለ? ትንሹን እንጂ ትልቁን አላየሁም" አሉኝ። "እንጃ እማማ፥ ፈልጌ እነግርዎታለሁ" አልኋቸው። ፈልጌም አገኘሁ። ከቀይ ባሕር ወጥቶ ከባብ ኤል መንደብ ማዶ፥ በዐረብ ባሕር ውስጥ፥ እነዚሁ ሐምፕባኮች አሉ። የሚያስገርመው ግን ሌሎቹ ሁሉ ለመብላት ወደ ቀዝቃዛው፥ ለመውለድ ወደ ሞቃቱ ሲመላለሱ እነዚህ ከዚያ ባሕር ወጥተው አይሄዱም። የዘር ጥናት ከሌሎቹ ከተለዩ ወደ 70,000 ዓመት እንደሚሆን ይገምታል። እንዴት ይኖራሉ? የእኛን አገር ክረምት በሚያመጣው ወራት ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ በሶማሊያና በዖማን ዳርቻ የላይኛውን ውሃ ይገፋና ቀዝቃዛው ከታች ይወጣል፤ በሞንተሬይ እንዳየነው ማለት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በዖማን የሰላላ ከተማ ተራሮች በጉምና በካፊያ ተሸፍነው ይለመልማሉ፤ ዐረቦች ኸሪፍ ይሉታል፥ ከበረሃው ሙቀት ሸሽተው ሊያዩት ይመጣሉ። ለሥራ ወደዚያ የሄዱ እኅቶቻችን ያውቁት ይሆናል። ከዚያ ጉም በታችም አንበሪዎቹ ይበላሉ። ነገር ግን ጥቂት ናቸው፤ በዖማን ዳርቻ ያሉት ከመቶ እንደማያልፉ ይገመታል። በ1966 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ አደኑ በተከለከለበት በዚያው ዓመት፥ የሶቪየት መርከቦች በዐረብ ባሕር ከሁለት መቶ በላይ ገድለዋል፤ ይህም ለብዙ ዓመታት ተሰውሮ ኖሮ በኋላ ነው የታወቀው። ዛሬ የሚያሰጋቸው የዓሣ መረብና የመርከብ መንገድ ነው። ለእማማ ይህን ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "እዚያስ የሚያልፉት መርከቦች ቀስ ይላሉ?"

ወደ ወደቡ ስንደርስ ጉሙ እንዳለ ነበር። ጊልሮይን ስናልፍ ፀሐይ ወጣች፤ ሹራባችንን አውልቀን ዳቦና ሻይ አወጣን። ታሞ የነበረውም ልጅ ከሁላችን ይልቅ በላ።

ተመራማሪዋ ፎቶግራፉን ወደ መዝገቡ ልካው ስለ ነበር በሁለተኛው ሳምንት መልሱ ደረሰኝ። ያቺ እናት ባለፈው የካቲት በሜክሲኮ ዳርቻ ገና ከተወለደ ልጅዋ ጋር ታይታ ኖሯል። ስለዚህ እማማ ያሉት ልክ ነው፤ ሁለተኛው ትንፋሽ የልጅ ነበር። ታክሲ የሚነዱት አባትም ፎቶግራፉን ለምነውኝ አትሜ ሰጠኋቸው፥ በመኪናቸው ውስጥ ለጥፈውታል። አብዛኛው ወረቀት ነጭ ነው፤ ጅራቱ በመካከሉ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ልጆቻቸው ለተሳፋሪው ሁሉ ሽታውን ጨምረው ያስረዱ ነበር አሉ።

ለሚመጣው ዓመት ጉዞ የስም ዝርዝር ከፍቻለሁ፤ የመጀመሪያው ስም የእማማ ነው። መመዝገብ የምትፈልጉ ከጉባኤ በኋላ አነጋግሩኝ። "ያለ ጥርጥር" የሚለውን ቃል ከማስታወቂያው አውጥቼዋለሁ። ወፍራም ሹራብ መያዝ አይረሳ።